የአርኪዮሎጂ ሥራ ደረጃ በደረጃ፦ ከጥያቄው እስከ ዕድሜ ልኬቱ

አርኪዮሎጂ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ወርቅ ነው። አለዚያም የፈርዖን መቃብር። አንዳንዱ ደግሞ ዳይኖሰር ይላል። ዳይኖሰሩን ከወዲሁ ከጨዋታው እናውጣው፤ እሱ የፓሊዮንቶሎጂ፣ ማለትም የጥንት እንስሳትና ዕፅዋት ቅሪት ጥናት፣ ሥራ ነው። አርኪዮሎጂ የሚያጠናው ሰው ሠርቶት፣ ተጠቅሞበት ወይም ጥሎት ያለፈውን ነገር ነው፦ ገል፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የፈረሰ ግድግዳ፣ ያረረ እህል፣ የታረደ ከብት አጥንት። ቆሻሻም ጭምር። እንዲያውም በተለይ ቆሻሻ። ነገሥታት በድንጋይ ላይ የሚያስቀርጹት ድላቸውን ነው። ተራው ቤተሰብ ምን ይበላ እንደነበር ለማወቅ የቆሻሻ ጉድጓዱ ይሻላል።

ይህ መመሪያ አንድ ጥናት ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚካሄድ በቅደም ተከተል ያሳያል። ለቁፋሮ ልምምድ ለምትሄዱ፣ ትምህርቱን ለመጀመር ለምታስቡ፣ ወይም ዝም ብላችሁ "ይህ 3 ሚሊዮን ዓመት የሚሉት ነገር ከየት ነው የሚመጣው?" ለምትሉ ሁሉ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ከዕቃው ይልቅ ዕቃው የተገኘበት ቦታ ይበልጣል። በየትኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ ነበር? ከምን በላይ፣ ከምን በታች፣ ከምን ጎን? ባለሙያዎች ይህን "አውድ" ይሉታል። አውዱን ያጣ ዕቃ ለመስኮት ማሳመሪያ ይሆን ይሆናል እንጂ ለማስረጃነት ብዙም አይረባም። ችግሩ ደግሞ ቁፋሮ ራሱ አውዱን ያጠፋል። አንድን ቦታ መቆፈር የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሽሊማን ይህን በውድ ዋጋ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ1870ዎቹ በዛሬዋ ቱርክ፣ ሂሳርሊክ በሚባል ጉብታ ላይ በግሪካዊው ሆሜር ግጥም የምትታወቀውን ጥንታዊቷን ትሮይ ሊፈልግ ገባ። ጉብታው አንዱ ከተማ በሌላው ፍርስራሽ ላይ እየተሠራ ያደገ ነው፤ ዘጠኝ ዋና ዋና ንብርብር አለው። ሽሊማን "የኔ ከተማ ከታች ናት" ብሎ ጉብታውን በትልቅ ቦይ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው። በ1873 ወርቅ አገኘና በግጥሙ የትሮይ ንጉሥ በሆነው በፕሪያም ስም "የንጉሥ ፕሪያም ሀብት" አለው። በኋላ ሲጣራ ወርቁ የትሮይ ጦርነት ይሆናል ተብሎ ከሚገመትበት ዘመን ከ1,000 ዓመት በላይ ይቀድማል። የሚፈልገው ዘመን የነበረው ከላይ ነበር። ከዚያ ንብርብር ብዙውን ቆርሶ አፈር ላይ ጥሎታል።

1. ጥያቄና ፈቃድ

"እዚህ ምን አለ?" ጥያቄ አይሆንም። "እዚህ የነበሩ ሰዎች እህል ማምረት የጀመሩት መቼ ነው?" ግን ይሆናል። ጥያቄው ሥራውን ሁሉ ይወስናል። ስለ እርሻ ከሆነ አፈሩን በውሃ አጥባችሁ ዘር ትፈልጋላችሁ። ስለ ፍልሰት ከሆነ ጥርስ ያስፈልጋችኋል። ጥያቄ የሌለው ቁፋሮ ዕቃ ሰብስቦ ይመለሳል፤ መልስ ግን አይዝም።

ከዚያ ወረቀቱ ይከተላል። የድሮ ካርታ፣ የአየር ፎቶ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶች፣ የአካባቢው ሰው ስለ ቦታው የሚያወራው ሁሉ ይሰበሰባል። የቦታ ስም ብቻውን ፍንጭ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ፈቃድም አለ። በአብዛኞቹ አገሮች ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈር በሕግ ያስጠይቃል። ቅርስ ከአገር አገር በሕገወጥ መንገድ እንዳይዘዋወር ደግሞ የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት አለ። መሠረት ስታስቆፍሩ ያረጀ ነገር ብቅ ቢል አትጎትቱት፣ አታጽዱት። ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ንገሩ።

2. በእግር መፈለግ

ቡድኑ በመስመር ይሰለፋል። በሰውና በሰው መካከል አምስት ወይም አሥር ሜትር ይተዋል። ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በአንድ ፍጥነት ይራመዳል። የታየው ገልና ድንጋይ ሁሉ በጂፒኤስ ይያዛል። በኋላ ካርታ ላይ ሲወርድ ነጥቦቹ የሚበዙበት ቦታ ራሱን ያሳያል። አዲስ የታረሰ መሬት ለዚህ ተመራጭ ነው።

ሰው የጠረበውን ድንጋይ ከተራው እንዴት ትለያላችሁ? ፍንካቹን አንሱና በብርሃን አገላብጡት። ሰው በሌላ ድንጋይ መትቶ ያወጣው ፍንካች በአንድ ጫፉ የተመታበት ጠፍጣፋ ቦታ አለው። ከዚያ ሥር፣ በውስጠኛው ፊቱ፣ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ እብጠት ይኖራል። ከእብጠቱም ቅስት ቅስት መስመሮች ይዘረጋሉ። በጀርባው ደግሞ ቀደም ብለው የወጡ ሌሎች ፍንካቾች ጠባሳ ይታያል። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ወንዝ ውስጥ የሚጋጭ ድንጋይም ይሰበራል። ሁሉም አንድ ላይ ሲገኙ፣ እንዲህ ያሉ ፍንካቾችም አንድ ቦታ ሲከማቹ ነው የሰው እጅ አለበት የሚባለው። በኢትዮጵያ አፋር፣ ጎና ላይ የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ መሣሪያዎች የሚለዩት በዚሁ ዓይነት ምልክት ነው።

3. ሳይቆፍሩ ማየት

ብዙ ሰው ስለዚህ ደረጃ አያውቅም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ደስ የሚለው ይኼኛው ነው። ከመሬት በታች የተቀበረ ግድግዳ ካለ በላዩ ያለው አፈር ስስ ስለሚሆን ሰብሉ ይቀጭጫል። የተሞላ ቦይ ካለ ደግሞ አፈሩ እርጥበት ይይዛል፤ ሰብሉ ይፋፋል፣ አረንጓዴ ሆኖም ይቆያል። ከአየር ሲታይ የጠፋው ሕንፃ ፕላን ወለል ይላል። በድርቅ ጊዜ ልዩነቱ ይጎላል። በ2018 የበጋ ድርቅ አየርላንድ ውስጥ፣ ኒውግሬንጅ ከሚባለው ጥንታዊ መቃብር አጠገብ፣ ማንም የማያውቀው ግዙፍ ክብ ሥፍራ በድሮን ፎቶ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ጫካ ሲሆን ላይዳር አለ። ከአውሮፕላን የሚለቀቀው የሌዘር ጨረር በቅጠሎቹ ክፍተት አልፎ መሬት ነክቶ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ዛፎቹን ቀንሶ የመሬቱን ቅርጽ ብቻ ያስቀራል። በ2009 ቤሊዝ ውስጥ ካራኮል የተባለችው የማያ ከተማ እንዲህ ስትነሳ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካርታ ላይ ሰፈረ። በእግር ቢሆን ጫካው በገጀራ እየተመነጠረ ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ሥራ ነበር።

መሬት ላይ የሚገፉ መሣሪያዎችም አሉ። ማግኔቶሜትር የተቃጠለ አፈርን፣ የሸክላ ማቃጠያ ምድጃንና የተሞላ ቦይን ይለያል። የኤሌክትሪክ መቋቋምን የሚለካው ደረቅ ግድግዳን ከእርጥብ ቦይ ይለያል። የመሬት ራዳር ደግሞ ጥልቀትንም ይገምታል። ሁሉም "እዚህ የሆነ ነገር አለ" ይላሉ። ምንነቱን ግን አይናገሩም።

4. ልኬቱን መዘርጋት

መጀመሪያ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ይመረጣል። ጥልቀትም ርቀትም የሚለካው ከእሱ ነው። ከዚያ ችካል ይተከላል፣ ሲባጎ ይወጠራል፣ መሬቱ በካሬ ይከፈላል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን የምታረጋግጡት በሰያፍ ነው፦ የ2 ሜትር ካሬ ሰያፉ 2.83 ሜትር፣ የ5 ሜትር ካሬ ደግሞ 7.07 ሜትር መምጣት አለበት። ካልመጣ ችካሉን ንቀሉና እንደገና። ዛሬ ይህን ሥራ ቶታል ስቴሽን የሚባለው ርቀትና ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ ያቀለዋል፤ ሜትርና ሲባጎ ግን ባትሪ አይጨርሱም።

በካሬዎቹ መካከል ያልተቆፈረ ግንብ የመሰለ አፈር መተው የተለመደው በእንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት በሞርቲመር ዊለር ነው። ካትሊን ኬንየን ዘዴውን ከ1952 እስከ 1958 በኢያሪኮ ተጠቅማበታለች። ጥቅሙ በሁለቱም ጎን የንብርብሮቹ ቅደም ተከተል ቆሞ መታየቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የቤቱ በር ሁልጊዜ ያ ያልተቆፈረው አፈር ሥር የሚገኝ መሆኑ!

5. መቆፈር

የአሠራሩ መርህ ቀላል ነው። እንደ ወረቀት መጣያ ቅርጫት፣ መጨረሻ የተጣለው ከላይ፣ መጀመሪያ የተጣለው ከታች ይሆናል። ስለዚህ የምትቆፍሩት ከቅርቡ ወደ ሩቁ ነው፤ አንዱን ንብርብር ሙሉ በሙሉ ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው።

ዶማና አካፋ አይከለከሉም። የታረሰውን የላይኛውን አፈር በማንኪያ ልጥረግ የሚል ሰው ዓመቱን እዚያው ይፈጃል። ንብርብሩ ሲጀምር ግን የግንበኛ ማንኪያ ትይዛላችሁ፤ ትንሽ፣ ጫፏ ሹል የሆነች። በጫፏ አትውጉ። በጠርዟ ወደ ራሳችሁ ፋቁ፣ ወደ ኋላም እየሄዳችሁ፤ ያጸዳችሁትን እንዳትረግጡ። ብሩሽ በፊልም ላይ ያምራል። እርጥብ አፈር ላይ ግን ቀለሙን ለቅልቆ ልዩነቱን ያጠፋል።

አንዱን ንብርብር ከሌላው የሚለየው ቀለምና ልስላሴው ነው። ቀለሙን በግምት "ቡናማ" ብላችሁ አትጻፉ፤ ማንሰል የሚባል የቀለም መመዘኛ ደብተር አለ፣ ከዚያ ጋር ይተያያል። ለልስላሴው ትንሽ አፈር በውሃ አርሳችሁ በጣት እሹት። አሸዋ ከሆነ ይቆረቁራል። ደለል ከሆነ ይለሰልሳል። ሸክላ አፈር ከሆነ ይጣበቃል፣ ሲድቦለቦልም አይፈርስም።

አሁን አንድ ምሳሌ በደንብ እንይ። ቆፍራችሁ የጉድጓዱ ግድግዳ ፊት ቆማችኋል እንበል። ከላይ የታረሰ አፈር አለ፦ ቁጥር 1። ከሥሩ ጠንካራ የተደለደለ የሸክላ አፈር ወለል፦ ቁጥር 2። ከወለሉ ሥር ግራጫ አመድ፦ ቁጥር 3። እዚያ አመድ ከፍታ ላይ ሳንቲም ተገኘ፤ በ1500 የተመታ። ታዲያ አመዱ የ1500 ነው? ወለሉ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው?

ቸኩላችሁ አትመልሱ። ግድግዳውን ውሃ ርጩበትና እንደገና ፋቁት። ከወለሉ ተነስቶ ወደ አመዱ የሚወርድ፣ ጠቆር ያለ አፈር የሞላው ጠባብ ነገር ይታያል። ጉድጓድ ነው። ምናልባት ምሰሶ የቆመበት። የተቆፈረበት ጠርዝ ቁጥር 4 ይባላል፤ የሞላው አፈር ቁጥር 5። ሳንቲሙ የነበረው አምስት ውስጥ እንጂ ሦስት ውስጥ አይደለም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል፦ መጀመሪያ አመዱ፣ ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያ ሰው ወለሉን ወግቶ መቆፈሩ፣ ከዚያ መሙላቱ፣ በመጨረሻ ማረሻው። ሳንቲሙ የሚነግረን ጉድጓዱ የሞላው በ1500 ወይም ከዚያ በኋላ መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ስንት ዓመት በኋላ? ሳንቲሙ አይናገርም፤ ገንዘብ ለረጅም ዘመን እጅ በእጅ ሊዞር ይችላል። አመዱና ወለሉ ግን ከ1500 በፊት ብዙ መቶ ዓመት ሊሄዱ ይችላሉ። ያን ጠባብ ጥቁር መስመር ያላየ ሰው የቤቱን ዕድሜ በሙሉ አበላሸ ማለት ነው።

ቁጥር አራት አፈር እንዳልሆነ አስተውሉ። ድርጊት ነው፤ አንድ ሰው የቆፈረበት ቅጽበት። ድርጊቱም ቁጥር ይሰጠዋል። ኤድዋርድ ሃሪስ በ1973 እነዚህን ቁጥሮች በሳጥንና በመስመር ማገናኘትን አመጣ። አሁን "የሃሪስ ሠንጠረዥ" የማይሠራበት ቁፋሮ ጥቂት ነው።

6. መመዝገብ

ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቅጽ ይሞላል፦ ቀለም፣ ልስላሴ፣ ውፍረት፣ ከላዩና ከሥሩ ያለው፣ የተገኘበት ነገር። ፎቶው ላይ መለኪያና የሰሜን ቀስት ይኑር። ከላይ የሚታየው ፕላን ብዙውን ጊዜ በ1፡20፣ የጉድጓዱ ግድግዳ በ1፡10 ይሳላል። ፎቶ እያለ ለምን ይሳላል? ሲሳል ዓይን ይገደዳል። ካሜራ ያን ጥቁር መስመር ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ እርሳስ የያዘ ሰው ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መወሰን አለበት።

ዕቃ ያለው ከረጢት ሁሉ የቦታው ስም፣ የካሬውና የንብርብሩ ቁጥር፣ ቀኑ ይጻፍበታል። ከውጭም ከውስጥም። የውጩ ጽሑፍ ይለቅቃል። ስም የሌለው ከረጢት ቢሞላም ባዶ ነው። ሃዋርድ ካርተር የግብፁን ፈርዖን የቱታንክሃሙንን መቃብር ያገኘው በ1922 ነው። ከ5,000 በላይ ዕቃ እየመዘገበና እየጠገነ ለማውጣት አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

7. ወንፊትና ውሃ

የወጣው አፈር በወንፊት ይነፋል። ትንንሽ ጨሌ፣ የዓሣ አጥንት፣ የድንጋይ ፍርፋሪ የሚያዘው እዚህ ነው። ለዘር ግን ወንፊት አይበቃም። ከተመረጡ ንብርብሮች አፈር በባልዲ ተወስዶ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል። ያረረው ዘርና ከሰሉ ይንሳፈፋል፣ በጥሩ ማጣሪያ ይጠለላል። ያረረ እህል ስለማይበሰብስ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት ይቆያል። ለዕድሜ ልኬት የሚሄደውን ከሰል በባዶ እጅ አትንኩ፤ በንጹህ መቆንጠጫ አንስታችሁ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት።

8. ዕድሜውን መለካት

ሁለት ዓይነት ዕድሜ አለ። አንዱ "ይህ ከዚያ ይቀድማል" ይላል፤ ሌላው ዓመት ይቆጥራል። በመጀመሪያው ብዙ መንገድ መሄድ ይቻላል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ ውስጥ ጽሑፍ የሌላቸው በርካታ መቃብሮች ገጠሙት። የሸክላዎቹ ቅርጽ ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጠ እያየ፣ መቃብሮቹን ያለ አንድ ዓመተ ምሕረት በቅደም ተከተል ደረደራቸው።

ዓመት ከሚቆጥሩት ትክክለኛው የዛፍ ቀለበት ነው። ዝናብ ባለበት ዓመት ቀለበቱ ይሰፋል፣ በድርቅ ይጠባል። የዛሬው ዛፍ መጀመሪያና የድሮው ማገር መጨረሻ ሲገጣጠሙ ቆጠራው ወደ ኋላ ይረዝማል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አንድሩ ዳግላስ በ1929 አሪዞና ውስጥ የተገኘ አንድ ያረረ ግንድ ሁለት የተቆራረጡ ቆጠራዎችን ገጠመለት። በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ያሉ የብዙ ፍርስራሾች ዕድሜ በአንድ ጊዜ ታወቀ።

በጣም የሚታወቀው ግን ካርቦን-14 ነው፤ ቀስ እያለ በራሱ የሚፈርስ የካርቦን ዓይነት። ዊላርድ ሊቢና ባልደረቦቹ በ1949 ይፋ አደረጉት፤ ሊቢ በ1960 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘበት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በምግብም በአየርም ካርቦን-14 ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱ ይቆማል፤ ያለው መቀነስ ይጀምራል። በ5,730 ዓመት ግማሹ ይቀራል። በ11,460 ሩቡ። በ17,190 አንድ ስምንተኛው። 50,000 ዓመት ላይ ሲደርስ የአንድ በመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ወዲያ መለካት አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት አለ። ካርቦን-14 ድንጋይን ወይም ወርቅን አይለካም፤ ሕይወት የነበረውን ነው የሚለካው። የሚነግራችሁም የሞተበትን ጊዜ ነው። የዛፍ ውስጥ ግን ዛፉ ቆሞ ሳለ ቀድሞ ይሞታል፤ የ300 ዓመት ዛፍ ውስጠኛ እንጨት ለማገዶ ከዋለ፣ ከሰሉ ከእሳቱ 300 ዓመት ያረጀ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ግንድ ትታችሁ የአንድ ወቅት ዘር ላኩ። የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊትም ብዙውን ጊዜ 400 ዓመት ገደማ ያረጀ መስሎ ይታያል፤ ባሕሩ ራሱ ያረጀ ካርቦን ስለሚይዝ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን-14 ከዘመን ዘመን ስለሚለያይ ደግሞ ጥሬው ቁጥር በዛፍ ቀለበት መስተካከል አለበት። ከላቦራቶሪ የሚመጣው "ከአሁን በፊት" የሚለው ቁጥር መነሻው 1950 ነው፤ የምታነቡበት ዓመት አይደለም። መልሱም አንድ ዓመት ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ይሆናል። አንድ ዓመት ብቻ የሚጠቅስ ዜና ካያችሁ ጠርጥሩ።

ለሚሊዮኖቹ ዓመታት እሳተ ገሞራ ይረዳል። በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ከፊሉ አርጎን ጋዝ ይሆናል። ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። በ1974 ሃዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.18 ሚሊዮን ዓመት የተባለችው በዚህ ነው። አጥንቷ ግን አልተለካም። የተለካው ከእሷ ንብርብር ጋር የሚገናኘው አመድ ነው። ከየትኛው ንብርብር እንደመጣች ባይታወቅ ኖሮ አመዱ ምንም አይጠቅማትም ነበር።

አሸዋም ይለካል። የኳርትዝ ቅንጣት ተቀብሮ ሳለ ከዙሪያው አፈር ጨረር እያጠራቀመ ይቆያል፤ ፀሐይ ሲነካው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ ናሙናው የሚወሰደው የብረት ቱቦ ግድግዳው ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ወዲያው ይታሸጋሉ። ብርሃን ከገባ አለቀለት።

9. ላቦራቶሪ

ገል በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ሁሉም ግን አይታጠብም፤ ውስጡ የተጣበቀው ቅባት የተቀቀለውን ምግብ ሊናገር ይችላል። ጥርስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን በልጅነት ይሠራና ከዚያ አይለወጥም፤ ልጅነታችሁን የጠጣችሁትን ውሃ ኬሚስትሪ ይዞ ይቀራል። በ2002 ስቶንሄንጅ ከሚባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ አቅራቢያ የተገኘው "የአምስበሪው ቀስተኛ" የሞተው ከ4,300 ዓመት ገደማ በፊት እንግሊዝ ውስጥ ነው። ጥርሱ ግን ልጅነቱን ወደ አልፕስ ተራሮች አካባቢ ወሰደው።

ናሙናን ሁሉ ዛሬ አትጨርሱ። በ1991 አልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው ኦትዚ የተባለ አስከሬን መጀመሪያ የቅርብ ጊዜ ተራራ ወጪ ነው ተብሎ ሲወጣ ዳሌው በቁፋሮ ማሽን ተጎድቷል። ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ትከሻው ውስጥ የቀስት ጫፍ እንዳለ የታየው ደግሞ በ2001 ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሲመረመር ቆይቶ። ቻይናም የመጀመሪያውን ንጉሠ ነገሥት ዋና መቃብር እስካሁን አልከፈተችም። በ1974 ገበሬዎች ከዚያ መቃብር አቅራቢያ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኟቸው የሸክላ ወታደሮች ቀለም ነበራቸው። አየር ሲነካቸው ሥሩ ያለው ሙጫ እየደረቀ ቀለሙ ተላጠ።

10. መዝጋትና መጻፍ

ቁፋሮው ሲያልቅ ጉድጓዱ ጨርቅ ለብሶ መልሶ ይደፈናል። ዕቃው ሙዚየም ይገባል። ሪፖርቱም ይጻፋል፤ ያልተገኘውና ያልታወቀውም ጭምር። በጀት ስትይዙ ለቁፋሮው ብቻ አትያዙ፤ ከሜዳው ይልቅ ጠረጴዛው ላይ የሚያልፈው ጊዜ ይረዝማል።

ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁ ሸክላ ማጠብ ቢሆን እምቢ አትበሉ። አፍ፣ እጀታና የሥር ገል መለየት የሚለመደው ባልዲው ዘንድ ነው። አንድ ከረጢት ብቻ አውጥታችሁ እጠቡ፣ አንድ ሳህን ላይ አድርቁ፣ ወረቀቱንም አብራችሁ አስቀምጡ። ሁለት ከረጢት ባንድ ጊዜ አትክፈቱ።